ከማማ ላይ የታየ ታሪክ

በሕይወቴ የመጀመሪያው ሥራዬ ወፍ ማባረር ነበር። ደመወዝ የለውም፣ የእረፍት ቀን የለውም፣ ሰዓቱ ግን ጥብቅ ነው። ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ትወጣለህ፤ ፀሐይ ስትከር ወርደህ ጥላ ሥር ትንሽ ታርፋለህ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደገና ወጥተህ እስኪጨልም ትጮኻለህ። መሣሪያህ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ጉሮሮህ ነው። ጠላትህ ደግሞ ከጣት ብዙም የማይበልጥ፣ መንቁሩ ቀይ የሆነ፣ ብቻውን ሲሆን ማንም ልብ የማይለው ወፍ ነው፤ ግሪሳ።

ቤተሰቤ በ1996 ዓ.ም. ነው ከጋይንት ደጋ ወደ መተማ የመጣው፣ በሰፈራ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደጋ ላይ መሬቱ ሳስቷል፣ ድርሻው ጠቧል፤ ቆላ ደግሞ ሁለት ሄክታር ይሰጣል ተባለ። ከሽንፋ ብዙም ሳይርቅ አረፍን። አባባ ዛፉን መነጠረ፣ እማማ በወባ ተኛች፣ ተነሳች፣ ደግማ ተኛች። ማሽላው ግን በቀለ። ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ማሽላ አይቼ አላውቅም፤ ከአባባ ቁመት በላይ ነበር። መስከረም ሲያልቅ ፍሬው ወተት ሲይዝ አባባ አራት ግንድ ተክሎ ማማ ሠራ፣ ወንጭፍ በእጄ ሰጠኝና "እንግዲህ ዘንድሮ የምንበላው ባንተ እጅ ነው" አለኝ። ቀልዱን ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቅዳሜ ጠዋት ወዳጅነት ፓርክ ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ስልኳን አውጥታ "እስኪ ስማ፣ ይቺን ወፍ ማን እንደሆነች ይነግርሻል" አለችኝ፣ አፑ ለእሷ እንደሚያወራት አድርጋ። ሜርሊን ይባላል። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላቦራቶሪ የሠራው ነው፤ ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይነግርሃል። ከጀርባው ኢበርድ የሚባል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዳታቤዝ አለ፤ በዓለም ዙሪያ ሰዎች የት፣ መቼ፣ የትኛውን ወፍ፣ ስንት እንዳዩ ይመዘግቡበታል።

ዳታቤዝ ሳይ እጄ ይበላኛል፤ ሙያዬ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ካርታውን ከፈትኩ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዙሪያ፣ ሰሜን ተራሮች በነጥብ ተሞልተዋል። ጣቴን ወደ ግራ፣ ወደ ድንበሩ ሳብኩት። ሽንፋ አካባቢ ስደርስ ካርታው ባዶ ሆነ።

ባዶ! እኔ ጆሮዬ እስኪደነቁር ወፍ ያባረርኩበት አገር።

በኛ ሥራ አንድ መሠረታዊ ስህተት አለ። "አልተመዘገበም" እና "ዜሮ ነው" የሚሉትን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ማንበብ። ጀማሪ ፕሮግራመር ሁሉ አንድ ቀን ይሠራዋል፣ ሲስተሙም ይበላሽበታል። ታሪክም ላይ እንደዚሁ ነው። ካርታው ላይ ያለው ባዶ ቦታ ወፍ የለም ማለት አይደለም፤ ወፉን ያየው ሰው አልተጻፈም ማለት ነው። እና ጥያቄዬ ይኸው ሆነ፦ በዚህ ቆላ ወፍን ማን አየ? ያየውስ ማን ተጻፈለት?

ከሩቁ ልጀምር።

ሽንፋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ክረምት ላይ ጭቃ ተሸክሞ ይጎርፋል፤ ድንበሩን ሲሻገር ሱዳኖች ራሃድ ይሉታል፣ በመጨረሻም ዓባይ ውስጥ ይገባል። በጋ ሲሆን ግን ይቆረጣል። አሸዋው መሀል እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። እኛ ልጆች ዓሣ በእጃችን የምንይዘው ያኔ ነበር። ወፉም ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው፤ ጅግራው፣ ዋኖሱ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ውኃ ውስጥ ቆመው የሚጠብቁት ሁሉ። ከተማ ያደጋችሁ "ረግረግ" ሲባል ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ይታያችሁ ይሆናል። የኛ ረግረግ በየካቲት አንድ ግቢ የምታክል ድፍርስ ውኃ ናት።

በ2024 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለዚሁ ወንዝ አንድ ጥናት አወጣ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የተመራ ቡድን ነው፤ ቦታው ሽንፋ-መተማ 1 ይባላል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ኢንዶኔዥያ ሱማትራ ላይ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ሽንፋ ዳር ሰዎች ይኖሩ ነበር። የዚያ ፍንዳታ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ አፈሩ ውስጥ ተገኘ። የሰዎቹ የምግብ ትራፊም ተገኘ። አየሩ ሲደርቅ ሰዎቹ አላለቁም፤ ይልቅ ዓሣ መብላት አበዙ። ወንዙ ሲቆረጥ ኩሬው ውስጥ የቀረውን ዓሣ ይይዛሉ፣ ሲያልቅ ወደ ሌላው ኩሬ ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የሰው ልጅ ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን የሞላው በእንደዚህ ዓይነት የበጋ ወንዞች ኩሬ ከኩሬ እየተከተለ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔና የሰፈር ልጆች ጥር ላይ ስናደርገው የነበረውን ነዋ!

ግን ለዚህ ጽሑፍ የፈለግኩት አንድ ዝርዝር ነው። አየሩ እንደደረቀ በምን አወቁ? ከማስረጃዎቹ አንዱ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው። ሰጎኗ የምትበላውና የምትጠጣው ነገር ኬሚካላዊ አሻራ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል፤ በውስጡ ያሉትን የኦክስጅን ዓይነቶች መጠን ለክተው ድርቀቱን አነበቡ። እኔ በልጅነቴ እዚያ አካባቢ ሰጎን አይቼ አላውቅም። ከሰባ ሺህ ዓመት በፊት ግን አንዲት ሰጎን እንቁላል ጣለች፣ ሰው አንስቶ በላው፣ ቅርፊቱን ወረወረው። የመተማ ቆላ የአየር ሁኔታ መዝገብ እንዲህ ተጀመረ።

ሌላም ነገር ተገኝቷል፤ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶች። ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ናቸው ይላሉ፤ ከሆኑ ደግሞ እስካሁን ከታወቁት የቀስት ማስረጃዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ናቸው። ይህን የቀስት ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ። በ1822 እ.ኤ.አ. ክሉትስ በሚባል የሰሜን ጀርመን መንደር አጠገብ አንዲት ሽመላ በጥይት ተመታች። ሲያነሷት አንገቷን ሰንጥቆ ያለፈ፣ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ዘንግ ተገኘ። ሲመረመር ከአፍሪካ የመጣ መሣሪያ ሆነ። ሽመላዋ አፍሪካ ላይ ተወግታ፣ ዘንጉን በአንገቷ ተሸክማ፣ በረሃውን አቋርጣ አገሯ ገብታ ነበር። ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ከነዘንጓ ደርቃ ቆማለች።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ ብትሉ፣ ያኔ አውሮፓውያን ወፎች ክረምት ላይ የት እንደሚሄዱ በእርግጠኝነት አያውቁም ነበር። ወንጨፊት ሐይቅ ሥር ጭቃ ውስጥ ገብታ ትተኛለች የሚል ነበር፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ወፎቹ ጨረቃ ላይ ነው የሚሄዱት ብሎ የጻፈ እንግሊዛዊ አለ። ክርክሩ ውስጥ ከገቡት እጅግ ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ያቺ ዘንግ ሆነች።

እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሆኖ የሚያውቅ አይመስለኝም። መስከረም ላይ ነጭ ገላ፣ ጥቁር የክንፍ ጫፍ፣ ቀይ እግር ያላቸው ሽመላዎች በሰማይ እየተሽከረከሩ ሲወርዱ፣ አባባ "መጡ፤ አንበጣና ፌንጣ ይለቅሙልናል" ይል ነበር። ከየት መጡ? "ከሰሜን።" መቼ ይመለሳሉ? "በልግ ሳይገባ።" በቃ። ሽመላ ክንፏን ሳታራግብ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፋ ስለምትሄድ ሰፊ ባሕር መሻገር አትወድም፤ ስለዚህ የምሥራቅ አውሮፓዎቹ በቦስፎረስ፣ በሲና፣ ከዚያ የዓባይን ሸለቆ ይዘው ሱዳን ይገባሉ። ዛሬ ጀርባቸው ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታስሮ መንገዳቸው በካርታ ይታያል።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ዘንጉን የወረወረው ሰው ነው። የሽመላዋ መንደር ታውቋል፣ ዓመቱ ታውቋል፣ የቆመችበት ሙዚየም ታውቋል። ለወፎች ሳይንስ ያን የመሰለ ዳታ ያስገባው አፍሪካዊ ግን ስሙ የለም። ሳይታወቀው ነው ያስገባው፤ እሱማ ራቱን ነበር የሚፈልገው፣ ራቱም አመለጠችው። በኮድ ቋንቋ ብናገር፣ ለውጡ ገብቷል፣ የጸሐፊው ስም ቦታ ግን ባዶ ነው።

ስማቸው የተጻፈላቸው ኋላ መጡ።

መተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከትልልቅ የድንበር ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጎንደር የሚወርደውና ከሱዳን የሚወጣው ነጋዴ እዚህ ነው የሚገናኘው፤ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ በቅሎ፣ እና በጣም በሚያሳፍር ብዛት ሰው። ባሪያ ይሸጥባት ነበር። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ወጥተው እዚያው የቀሩ ተክሩሮች ነበር የሚያስተዳድሯት። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር የዓባይን ገባሮች ሲያስስ በ1862 እ.ኤ.አ. አልፎባታል፣ በመጽሐፉም ገልጿታል።

ከሱ በፊትም በኋላም ይህን መንገድ የተመላለሰ ጀርመናዊ ግን ለወፍ ነበር የመጣው። ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን። በ1852 እና 53 እ.ኤ.አ. ካርቱም ከነበረው የኦስትሪያ ቆንስል ከራይትስ ጋር በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ጎንደር ወጣ። ሲመለሱ ራይትስ በንዳድ ዶካ ላይ ሞተ፤ ዶካ ከመተማ ማዶ ገዳሪፍ መንገድ ላይ ናት። ሆይግሊን ተረፈ። በ1862 ደግሞ አፄ ቴዎድሮስን አግኝቶ ሲመለስ እንደገና በመተማ በኩል ወደ ካርቱም ወረደ። አብሮት የነበረው ሐኪምና ዕፅዋት አጥኚ ሽቶይድነር በዓመቱ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሞተ። ሆይግሊን አሁንም ተረፈ፤ ከ1869 እስከ 1874 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በስሙ የሚጠሩ ወፎች አሉ፤ ደረቱ ብርቱካናማ፣ ቅንድቡ ነጭ የሆነ ዘማሪ ወፍ አለ፣ በሶማሌና በአፋር በረሃ የሚኖር ትልቅ የመሬት ወፍም አለ።

ለሰውየው ክብር አለኝ፤ ወባውን ስለማውቀው ብቻ እንኳን። ግን በዚያ ዘመን ወፍ ማጥናት ማለት መተኮስ፣ መግፈፍ፣ በሣጥን ወደ አውሮፓ መላክ ነበር። እና አንድ ነገር አስቡ፤ በማያውቀው አገር፣ በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ወፏ የት እንደምታድር ማን አሳየው? መንገድ መሪ፣ አዳኝ፣ ከብት ጠባቂ ልጅ ይኖራል። ጉሙዝ ይሁን ተክሩር ይሁን አማራ፣ ልጁ ወፏን ከሆይግሊን በፊት ያውቃታል፤ ስም አላት እሱ ዘንድ። ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ቦታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢ ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ያ ወረቀት ነው ዛሬ ዲጂታል ሆኖ ስክሪኔ ላይ ያለው።

ከሆይግሊን በኋላ መተማ በሌላ ነገር ስሟ ተነሳ። የመሐዲስቶች ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥሎ ነበር። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ገጠሙት። ድሉ በእጃቸው ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፣ ሠራዊቱ ተፈታ፣ አስከሬናቸው በምርኮ ተያዘ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። ስለዚያ ሜዳ ያልተማርነውን ግን ማንም ገበሬ ሊነግራችሁ ይችላል። በሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ ሰው የሞተበት፣ ሠራዊት ተበትኖ የሸሸበት ሜዳ ነው። ሜዳውን ያጸዳው ጆፌ አሞራ ነው። በፉከራና በሽለላችን ውስጥ አሞራ እንዲያው ለውበት የገባ አይደለም፤ ተዋጊው የሚያየው እውነት ነበር። ጥንብ አንሳ ባይኖር ከጦርነቱ ቀጥሎ የሚመጣው በሽታ ነው።

ከዚያ መስመር ተሰመረ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እንግሊዝ ተፈራረሙ፣ በዓመቱ ቻርልስ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ምልክት እየተከለ ዞረ። ያው ወንዝ ሁለት ስም፣ ያው ጫካ ሁለት ሕግ ኖረው። በማዶ በኩል ዲንደር በ1935 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በኛ በኩል የዚያው ጫካ ቀጣይ የሆነው አላጥሽ፣ ቋራ ውስጥ፣ ፓርክ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ከ70 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አላጥሽ ውስጥ አንበሳ መኖሩ በካሜራ ተረጋግጦ የዓለም ዜና ሲሆን የቋራ ሰዎች ሳይገረሙ አልቀሩም፤ በዜናው እንጂ በአንበሳው አይደለም።

አሁን ወደ ግሪሳው እንመለስ። የኔ ታሪክ እሱ ነውና።

ግሪሳ በምድር ላይ ካሉ የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር አንደኛ እንደሆነ ይነገራል። ከስዊድናዊው ሊኔየስ እጅ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ1758 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ወፍ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን 10 ግራም ያህል ፍሬ ይጨርሳል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ በቀን 10,000 ኪሎ፣ ማለትም 100 ኩንታል ነው። የኛ ሁለት ሄክታር በደህና ዓመት 30 ኩንታል ብትሰጥ ነው። አንድ መንጋ በአንድ ቀን የሦስት ዓመታችንን እንጀራ ይዞ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ሒሳብ አላውቅም፤ ግን ከሩቅ ጭስ የሚመስለው ነገር ሲጠመዘዝ፣ ድምፁ እንደ ዝናብ ሲመጣ፣ ሆዴ ውስጥ የሚሰማኝ እሱ ሒሳብ ነበር።

ግን ግሪሳ ማሽላ ፈልጎ አልተፈጠረም። ዋና ምግቡ የዱር ሣር ፍሬ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፒተር ዋርድ እንዳስረዳው፣ ዝናብ ሲጀምር መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ ሁሉ ይበቅልና ወፉ ይራባል፤ ስለዚህ ስብ አጠራቅሞ ዝናቡን ከላይ አልፎ ቀድሞ ወደዘነበበት ይበራል፤ እዚያ አዲስ ሣር አፍርቷል። የዱር ፍሬው ሲያጥር ነው ማሽላ ላይ የሚያርፈው። ታዲያ ሣሩ የት ሄደ? ከድንበሩ ማዶ፣ ገዳሪፍ ሜዳ ላይ፣ እንግሊዞች በ1944 እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊታቸው ቀለብ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመሩ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ እርሻ ሆነ። በኛ በኩል ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱ ባለሀብቶች መጡ፤ በየዓመቱ ሳሉግ እየተባለ የሚጠራው የቀን ሠራተኛ ከየደጋው ይጎርፋል። ከዚያም እኛ መጣን፣ ሰፋሪዎቹ። ሣሩን ያረስነው፣ ግራሩንና የዕጣን ዛፉን የመነጠርነው እኛም ነን። እና ግሪሳው ማሽላችን ላይ ሲያርፍ "ሌባ" አልነው።

ይህን የምጽፈው ወላጆቼን ለመክሰስ አይደለም። አባባ ያንን ግራር ባይቆርጥ እኔ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። ግን ታሪክ እጽፋለሁ ካልኩ የራሴን እጅ መደበቅ አልችልም።

ሰው በግሪሳ ላይ ብዙ ነገር ሞክሯል። በአፍሪካ የተለያዩ አገሮች በ1950ዎቹ የወፉን ማደሪያ በፈንጂ አፈነዱ፣ በእሳት ነበልባል አቃጠሉ። ኋላ ላይ መርዝ ከአውሮፕላን መርጨት ተለመደ። ፌንቲዮን ይባላል፤ የነርቭ ሥርዓትን የሚመታ ነው። ወፎቹ ማታ ተሰብስበው በሚያድሩበት ቁጥቋጦ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ይረጫል።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ማታ አውሮፕላን መጣ። ሁላችንም ጨፈርን፤ እውነቴን ነው። ማሽላችን ተረፈ፣ እኔም ትምህርት ቤት ልሄድ ነው። በማግሥቱ ከሁለት ልጆች ጋር ወደ ኩሬው ሄድን። ግሪሳው እንደ ቅጠል ረግፏል። መሀሉ ላይ ግን ሌሎችም ነበሩ። ዋኖሶች። ከብት የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች። አንድ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ፣ አፉ ውስጥ የግሪሳ እግር እየታየ። ወደ ውኃው ጠጋ ስንል አንድ ጆፌ አሞራ ቆሞ ነበር፤ አላየንም፣ አልፈራንም፣ ራሱ ይወዛወዛል። እንደ ሰካራም። ጓደኛዬ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደቀ።

ማንም አስቀድሞ አልነገረንም፤ ማንም በኋላ መጥቶ አልቆጠረም። አንዳንድ ሰው የሞተውን ግሪሳ በጆንያ ሰብስቦ ወሰደ፤ ሥጋ ነው። እማማ ግን "ውኃውን እንዳትነኩ" አለች። ለአንድ ሳምንት ያህል ከሌላ ኩሬ፣ አንድ ሰዓት መንገድ ተጉዘን ቀዳን። ይህ የትም አልተመዘገበም። ካርታው ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ "እጅግ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ" ወደሚለው መደብ አወረዳቸው። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ መርዝ ነው፤ አብዛኛው ለጅብና ለአንበሳ የሚጠመድ፣ አንዳንዱም ለባህላዊ መድኃኒትና ለአደን ሲባል የሚደረግ። የኔ ጆፌ አሞራ ከዚያ ስሌት ውስጥ የለም። አንድ ነው፣ ምንም አይለውጥም ትሉ ይሆናል። እሺ። ግን ስንት ልጅ ስንት ኩሬ ዳር ሳቀ?

መፍትሔው "አትርጩ" ብሎ መጻፍ አይደለም፤ ያንን ከአዲስ አበባ ሆኖ መጻፍ ቀላል ነው። ማሽላው የሚበላው የኔ ወንድም አይደለም ዛሬ፤ የሌላ ሰው ልጅ ማማ ላይ አለ። ታንዛኒያ ውስጥ ኮንዶአ በሚባል ወረዳ ሰዎች ግሪሳን በባህላዊ ወጥመድ በብዛት ይዘው ይበሉታል፣ ይሸጡታል፤ መርዙን በወጥመድ የመተካት ነገር እንዲያ የሚታሰብ ነው። የሚረጭም ከሆነ የቱ ማደሪያ ከውኃ እንደሚርቅ፣ የቱ ከሌላ ወፍ ጋር እንደተደባለቀ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ያንን የሚያውቀው ደግሞ ማማው ላይ ያለው ልጅ ነው። ማታ ግሪሳው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር ሦስት ወር ሙሉ ሲያይ ይውላል። ከሱ የበለጠ ሴንሰር ማንም አይሠራም። የሚጠይቀው ጠፍቶ እንጂ።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ መተማ እንደገና የሰው መሻገሪያ ሆናለች። ኩመርና አውላላ ላይ ስደተኞች ሰፈሩ። በኛም በኩል ሰላም የለም፤ መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። እኔ ቤት ከገባሁ ቆየሁ። ተመራማሪም በዚህ ጊዜ ቢኖክላር አንጠልጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ያ ባዶ ቦታ ለብዙ ዓመት ባዶ ሆኖ ሊቆይ ነው፤ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ደግሞ የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ የምችለውን ጀመርኩ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ተራ ሠንጠረዥ ነው። ኔትወርክ ሲኖር እሁድ እሁድ አባባ ጋር እደውልና እጠይቀዋለሁ። ዘንድሮ ሽመላ መቼ ገባ? ኩሬው መቼ ደረቀ? ጆፌ አሞራ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው? ቀኑን፣ ቦታውን፣ ወፉን እጽፋለሁ። አራተኛው ዓምድ "ያየው ሰው" ይላል። እዚያ የአባባን ሙሉ ስም ከነአያቱ እጽፋለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ያለ አንድ ልጅም ተጨምሯል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ማማው የሱ ነው።

ባለፈው እሁድ አባባ ትዕግሥቱ አለቀ።

"እኔ ምለው፣ ግሪሳውን ልትቆጥረው ነው እንዴ?"

"አዎ አባባ።"

ትንሽ ዝም አለ። ከጀርባው የጅራፍ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ የልጅ ጩኸት።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሳባርረው ኖሬ፣" አለ፣ "ቁጠረው ብሎ የጠየቀኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። በል ጻፍ። ዛሬ ጠዋት በምዕራብ በኩል ነው የመጣው።"